ካፖርቱን ያስተኮሰው ዘፋኝ

«‹ፒያኖው ብቻውን ሲጀምር› ይላል» አለ በንቲ፣ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ። «‹ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው በባዶ እግሩ የሚራመድ ይመስላል።› ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

ገዲሴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። መካድ አይቻልም። የደብተሩ ሽፋን ላይ ስሟ፣ የአባቷ ስምና «9ኛ ለ» የሚለው በራሷ እጅ ተጽፏል።

«አዎ፣ የኔ ነው።»

በንቲ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። የመካኒሳ ልጅ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት እነገዲሴ በሚማሩበት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስሙ ነበር የሚጠራው። አሁን ካኪ ለብሶ ከጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጥ «ጓድ በንቲ» ይባላል። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቀበሌ እንድትቀርብ በክፍል አለቃዋ በኩል መልእክት ሲልክባት የጠፋው ደብተር የት እንዳለ ወዲያው ገብቷታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በክፍሉ ሴቶች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ ሰኞ ዕለት ነበር የጠፋው።

«እዚህ ጋ ደግሞ ‹አምስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አየን› ትያለሽ። ቪዲዮ ነው አይደል ያያችሁት?»

ገዲሴ ዓይኗን ከደብተሩ አነሳች።

«ስሚ፣ ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም የጠራሁሽ። ሰኞ ዕለት አንድ ጥቆማ ደረሰኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናንተ ቤት ሰዎች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ዘፈን የሚመስል ድምፅም ይሰማል ተብሏል። ማክሰኞ ደግሞ ይሄ ደብተር መጣልኝ። ዛሬ ጠዋት ጓደኛሽን አማከለችን ጠርቼ ቪዲዮውን የት እንዳያችሁት ጠየቅኳት።» ደብተሩን ዘጋው። «እናንተ ቤት ነው አለችኝ።»

አማከለች ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ልጅ ናት።

«ነገሩ ግጥም ብሏል ማለት ነው» ሲል ቀጠለ በንቲ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም የደከመው ይመስላል። «ቪዲዮ ከሆነ ቀላል ነው። ያለፈቃድ ሰው ሰብስቦ የውጭ ቪዲዮ ማሳየት ነው፤ የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ይወረሳል፣ አባትሽ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸዋል፣ አለቀ። ቪዲዮ ካልሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላው ነገር ደግሞ ከኔ እጅ ወጥቶ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ይሄዳል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቪዲዮ ቢሆን ይሻለኛል።»

«እ...» አለች።

«አሁን እንድትመልሽ አልፈልግም። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሪፖርት አደርጋለሁ፤ ከዚያ በፊት መጥተሽ በራስሽ አፍ ትነግሪኛለሽ። ዴኩ እናንተ ቤት ነው ካልሽ ቅዳሜ ጠዋት መጥተን እንወስዳለን። አሁን ሂጂ።»

ከቀበሌው ግቢ ስትወጣ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሰላም ሲላት እንኳ የሰማችው ካለፈችው በኋላ ነው።

እነገዲሴ ቤት ዴክ የለም። ቴሌቪዥንም የለም። ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች የሚመጡት ለጸሎት ነው። የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን በሩ ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ቤተሰቦች በየሳምንቱ እነሱ ቤት ይሰበሰባሉ። ጋሽ ኦልጅራ ከፉሪ የወተት ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ፤ ያየ ሰው ወተት ሊሸጡ ነው ይላል። እትዬ ዓለሚቱ ከሀና ማርያም ጎመን በዘምቢል ይዘው ይመጣሉ፤ ከጎመኑ ሥር መጽሐፍ ቅዱስ አለ። የገዲሴ አባት እስጢፋኖስ አናጢ ነው። ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ረጅም አግዳሚ ወንበር የሠራው እሱ ነው፤ መቀመጫው ይነሳል። ከሥሩ አሥራ አንድ የመዝሙር ደብተርና አራት መጽሐፍ ቅዱስ አለ።

ዴክ ፍለጋ የሚመጣ ሰው አልጋ ሥር ያያል። ሳጥን ይከፍታል። ያንን ወንበር አንስቶ ለማየት ደግሞ ብልህ መሆን አያስፈልገውም።

ገዲሴ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ሰባት ወር ታስሮ ነበር። በስብሰባ ላይ መፈክር አላስተጋባም ብሎ ነው። ሊፈቱት ሲሉ ሃይማኖቱን መተዉን የሚገልጽ ወረቀት እንዲፈርም ጠየቁት፤ «ውሸት አልፈርምም» ብሎ ሌላ ሁለት ወር ቆየ። ሲወጣ በግራ ጆሮው መስማት አቁሞ ነበር። ስለዚያ ጊዜ አይናገርም። ገዲሴም ሆነች እናቷ አረጋሽ አይጠይቁትም።

ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ዘፈን ነው።

የአማከለች አባት ጋሽ ግዛው የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። መጋቢት ላይ ዴክና ከለር ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡ። ቀረጥ አልተከፈለበትም፤ ስለዚህ ጎረቤት እንኳ አያውቅም። አማከለች ግን አባቷ በሌሉበት አንድ እሑድ ከሰዓት አራት ጓደኞቿን ጠርታ መጋረጃውን ዘጋችና ሦስት ሰው አንዱ በአንዱ ላይ የቀዳበትን አንድ ካሴት አሳየቻቸው። ሌሎቹ ዘፈኖች ዝላይና ብልጭልጭታ ነበሩ። አራተኛው ሲመጣ ልጆቹ ዝም አሉ።

ከተማው ዝናብ ይዞታል። አንድ ጠባብ ላውንደሪ አለ፤ መስታወቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። ዘፋኙ ረጅም ግራጫ ካፖርቱን አውልቆ ለላውንደሪዋ ልጅ ይሰጥና በሸሚዝ ብቻ ወደ ዝናቡ ይወጣል። እሱ እየዘፈነ መንገዱን ሲያቋርጥ ልጅቷ የካፖርቱን ኪስ ስትፈትሽ የተጨማደደ ደብዳቤ ታገኛለች። ታነበዋለች። ምን እንደሚል አይታይም፤ የሚታየው ፊቷ ብቻ ነው። ከዚያ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በካውያ ትተኩሰዋለች፤ ቀስ እያለች፣ የሸሚዝ ኮሌታ እንደሚተኮሰው። አጥፋ ወደ ኪሱ ትመልሰዋለች። ዘፋኙ ተመልሶ ይመጣል፣ ካፖርቱን ለብሶ ደጅ ይወጣል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ፊቱ መለወጥ ሲጀምር ምስሉ ይቆረጥና በላዩ ላይ የተቀዳ የእግር ኳስ ጨዋታ ይመጣል።

አምስቱም ጮኹ። አማከለች ካሴቱን ሦስት ጊዜ መለሰችው፤ ሦስቱንም ጊዜ እግር ኳሱ መጣ።

ገዲሴ በማግሥቱ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተሯን ከኋላ በኩል ገልብጣ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ እንዳትረሳው ነበር የጻፈችው፤ በኋላ ግን ለምን እንደወደደችው ለራሷ ለማስረዳት ስትሞክር ስምንት ገጽ ሞላ።

«ሌሎች ዘፋኞች ልባቸው ሲሰበር ይጮኻሉ» ይላል አንዱ ቦታ። «እሱ ግን ሁላችንም አሁን ይጮኻል ብለን የጠበቅንበት ቦታ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከበሮውም ላለመረበሽ ብሎ ዝም ይላል። ቃላቱ ሁሉ አልገቡኝም። ‹ከመሄድሽ በፊት ስሜን አንዴ ጥሪው› የሚል ይመስለኛል፤ ባይልም ግድ የለኝም። ልጅቷን ደግሞ ሁሉም ሰው ይረሳታል። አንድ ቃል አትናገርም። ቪዲዮው ግን የሷ ነው። እኔ ብሆን ደብዳቤውን እደብቀው ወይም እቀደው ነበር። እሷ ተኮሰችው። የሰው ጉዳይ እንዲህ ነው የሚያዘው።»

ያልጻፈችው አንድ ነገር አለ። ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ለምን ልቧን እንደነካው ነው። እነሱ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘመረው እንደዚያ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ አሥራ ሁለት ሰው ለአንድ ሰው ጆሮ በሚበቃ ድምፅ ይዘምራል፤ በተለይ ሁሉም መጮህ የሚፈልግበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እትዬ ዓለሚቱ እጃቸውን ወደ ታች ያደርጉና ድምፁ ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ያለቅሳል። ይህን ለክፍሉ ልጆች መጻፍ አትችልም። ለአባቷ ደግሞ ዘፈን ሰማሁ ማለት አትችልም። እነሱ ቤት ዓለማዊ ዘፈን አይሰማም፤ ሬዲዮኑ ዜና ሲያበቃ በእናቷ እጅ ይዘጋል።

ሐሙስ ጠዋት አማከለችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ጠበቀቻት።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?»

አማከለች ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ዓይኖቿ አብጠዋል። «የት ነው ያያችሁት ሲለኝ... እኛ ቤት ብለው ዴኩን ያገኙታል። ወረቀት የለውም። አባዬን መንጃ ፈቃዱን ብቻ አይደለም የሚወስዱበት፣ ኮንትሮባንድ ብለው ያስሩታል። ባለፈው አንዱን ጓደኛውን አስረውታል።»

«እና እኛ ቤት አልሽ።»

«እናንተ ቤት ዴክ የለማ። አስቢው እስቲ። መጥተው ቢፈትሹ ምንም አያገኙም። ተሳስተናል ብለው ይሄዳሉ። እኔ እኮ አንቺን ልጎዳ ብዬ አይደለም፤ ባዶ ቤት ቢፈተሽ ማን ይጎዳል?»

ገዲሴ ባዶ አይደለም ብትላት ምን አለ ብላ ትጠይቃለች። አማከለች ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን ትናንት ጠዋት አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቋት ምን እንዳደረገች ሁለቱም ያውቃሉ።

«ቢፈትሹ አልፈልግም» አለች በመጨረሻ።

«ለምን?»

«አልፈልግም አልኩሽ። እናቴ ትደነግጣለች።»

«አቦ ገዲ፣ ፋራ አትሁኚ። አሥር ደቂቃ ነው። ለኔ ስትይ በቃ አዎ በይው፤ ዴኩን ሸጥነው ወይም የዘመድ ነበር በይው።»

«ከዚያስ አባቴ ቀበሌ ሲጠራ? ያላየውን ዴክ ሸጥኩት ይበል?»

አማከለች መሬት መሬት አየች። ደወሉ ሲደወል ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አማከለች እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ብቻዋን ገባች። ያን ቀን አንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ አባቷ ከሥራ ገብቶ ጓሮ ውስጥ የአንዲት ጎረቤት በርጩማ እግር እየለወጠ ነበር። በሚሠራበት የእንጨት ድርጅት ውሎ ከመጣ በኋላ እንኳ እጁ አያርፍም። ገዲሴ በቀኙ በኩል ዞራ ቆመች፤ በግራው ከሆነ አይሰማትም።

«አባ።»

«አቤት ልጄ።»

«የዚህ ቅዳሜ ይቀራል እንዴ?»

መላጊያውን ሳያቆም ቀና ብሎ አያት። «ለምን ይቀራል? እንዲያውም ኦልጅራ ሁለት አዲስ ሰዎች ይዞ ይመጣል። ባልና ሚስት ናቸው፤ ከከምባታ ከመጡ ገና ወራቸው ነው፤ አብሮ የሚጸልይ ሰው አጥተው ነበር። ምነው ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነው። ፈተና ስለደረሰ...»

«አንቺ ጓዳ ሆነሽ አጥኚ። ማንም አይረብሽሽም።»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቀበሌ ተጠራሁ። ለምን? ደብተር ስለተገኘብኝ። ምን የተጻፈበት? ሁለት ጥያቄ ወርዶ ዘፈኑ ጋ ይደርሳል። ዘፈኑ ጋ ሲደርስ፣ ቤቱን ሁሉ አደጋ ላይ የጣለው የዝናቡ ሰውዬና የላውንደሪዋ ልጅ መሆናቸው ይታወቃል። አባቷ አይመታትም፤ አይጮህባትም። ዝም ነው የሚለው። ከሁሉ የፈራችው ያንን ዝምታ ነው።

ደግሞ ብትነግረውስ? አባቷ ነገ ቀበሌ ሄዶ «የምንሰበሰበው ለጸሎት ነው» ከማለት አይመለስም። አንዴ አድርጎታል።

«ሙጫውን አቀብይኝ እስቲ» አለ።

አቀበለችው። የበርጩማውን እግር ቀብቶ ከቀዳዳው ሲያጋጥመው፣ በገመድ ሲያስረው፣ ከግድግዳው ጋር ሲያስጠጋው ቆማ አየች። «አሁን መንካት የለም» አለ። «እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል።»

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገዲሴ በንቲ ፊት ተቀመጠች። ደብተሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጎኑ የማኅበሩ ማኅተምና በከፊል የተሞላ ቅጽ አለ።

«እሺ» አለ በንቲ ብዕሩን አንስቶ።

ሌሊቱን በሙሉ ስታስበው ያደረችውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «ቪዲዮ የሚባል ነገር የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ብዕሩ አየር ላይ ቆመ። «ምን ማለት ነው የፈጠርኩት?»

«ልብ ወለድ ነው። ለክፍል ልጆች እንዲያነቡት ብዬ አየን ብዬ ጻፍኩ። አማከለች የት አያችሁት ስትባል ደንግጣ ነው እኛ ቤት ያለችው። እሷም አላየችም። እኔም አላየሁም። ላውንደሪውም፣ ሰውየውም፣ ዘፈኑም ከራሴ ነው።»

ያን ዘፈን እንዴት እንደወደደችው ስምንት ገጽ ጽፋ ነበር፤ አሁን ደግሞ የለም አለችው።

በንቲ ወደ ኋላ ደገፍ አለ። «የቅዳሜዎቹ ሰዎችስ? እነሱንም ፈጠርሻቸው?»

«እነሱ ደንበኞች ናቸው። አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበርና በርጩማ ይጠግናል።»

«ወንበር የሚያስጠግን ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቀመጣል?»

«ሙጫው እስኪደርቅ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሙጫ ነውና ለሁሉም እኩል ነው የሚደርቀው።»

የበንቲ ከንፈር ጫፍ ሊስቅ የቃጣው መሰለ፤ ወዲያው ግን ተመለሰ። «ድምፁስ?»

«አባቴ ሲሠራ ያንጎራጉራል። አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ምን ያህል እንደሚጮህ አያውቀውም።»

ከውጭ የአህያ ጭነት የሚያራግፉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። በንቲ ደብተሩን ከፍቶ መጨረሻው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ‹ካሴቱ ተቆረጠ፣ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳገኘ ሳናውቅ ቀረን› ትያለሽ። የፈጠርሽው ከሆነ ካሴት ከየት መጣ? ደራሲዋ አንቺ ከሆንሽ ኪሱ ውስጥ ያለውን እንዴት አታውቂውም?»

ይህንን አላሰበችበትም።

«መጨረሻው... መጨረሻው ስላቃተኝ ነው። መጨረሻው ሲያቅተኝ ካሴቱ ተቆረጠ አልኩ።»

«አሁን ጨርሺዋ» አለ በንቲ። ደብተሩን ገፋ አድርጎ እጆቹን አጣመረ። «እዚሁ። በአፍሽ።»

ገዲሴ መስኮቱን አየች። ብዙ ጊዜ አስባበታለች፤ ከአማከለች ጋር ስንት ቀን ተከራክረውበታል። አማከለች ልጅቷ የቤቷን አድራሻ ጽፋ ጨምራበታለች ባይ ናት። ገዲሴ ግን ያኔም አላመነችም።

«ደብዳቤውን ያወጣዋል» ስትል ጀመረች። «ሲያወጣው ተተኩሷል። ስለዚህ እንዳነበበችው ያውቃል። ፈርቶ ዘወር ብሎ በመስታወቱ ያያታል። እሷ ግን የሌላ ሰው ሸሚዝ ይዛለች። ቀና ብላ አታየውም። እንዳላነበበች ሆና ሥራዋን ትሠራለች።»

«ደብዳቤው ምን ይላል? የማን ነው?»

«እሱ አይነገርም። ልጅቷ ታውቃለች። ብትጠየቅም አትናገርም፤ የሷ ጉዳይ አይደለማ። እሱም ይገባዋል። ካፖርቱን ቆልፎ ይሄዳል።»

በንቲ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ከፊቷ ላይ አልተነሳም። ገዲሴ ዓይኗን ብትሰብር ሁሉ ነገር እንደሚያበቃ ስለተሰማት አልሰበረችም።

«አይገናኙም?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊቀመንበር አልነበረም።

«አይገናኙም።»

«ያሳዝናል።» ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና ጻፈ። ገዲሴ በተገለበጠው ጽሑፍ ውስጥ «የፈጠራ ድርሰት» የሚሉ ሁለት ቃላት አየች። ማኅተሙን አንስቶ አሳረፈበት። «ደብተሩ ፋይል ውስጥ ይቀራል። እና አንድ ነገር፤ እንዲህ መፍጠር የምትችል ልጅ ካለች ማኅበሩ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል አጭር ድራማ ያስፈልገዋል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ትመጫለሽ።»

«እሺ።»

ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት።

«ገዲሴ። ለጋሽ እስጢፋኖስ ንገሪያቸው። ቶሎ የሚደርቅ ሙጫ ይፈልጉ። ካልተገኘ ሥራውን ሌላ ቦታ ይሥሩት። የጠቆመው ሰው ነገም ያያል፤ የሚጠቁመው ደግሞ ለኔ ብቻ አይደለም።» ቀና ሳይል ሌላ ወረቀት መግለጥ ጀመረ።

አማከለችን የወንዙ ድልድይ ላይ ቆማ ስትጠብቃት አገኘቻት። ምን ብላ እንደመለሰች ለመጠየቅ አማከለች አልደፈረችም።

«ቪዲዮ የለም ብያለሁ» አለቻት ገዲሴ። «እኔ የፈጠርኩት ነው። አንቺም አላየሽም። ማንም ቢጠይቅሽ አላየሽም።»

አማከለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እኔ እኮ... ገዲ፣ ይቅርታ። በናትሽ ይቅር በይኝ።»

«ሰው ያየናል፤ አታልቅሺ።»

ጥቂት አብረው ሄዱ። «አባዬ ነገ ከሰዓት ዴኩን ናዝሬት አጎቴ ጋ ሊወስደው ነው» አለች አማከለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠዋት ማንም የለም። ከመሄዱ በፊት አንዴ ብቻ ነይና እንየው። አንቺ ብቻ።»

ገዲሴ ቆመች። ፒያኖው ጆሮዋ ውስጥ ጀመረ፤ ከበሮው እስኪገባ ያለውን ጊዜ ሁሉ ታውቀዋለች። አንዴ ብቻ። አራት ደቂቃ ከምናምን።

«አይ» አለች። «ነገ ሥራ አለኝ።»

አማከለች ወደ ሰፈሯ ስትታጠፍ ሁለቴ ዞራ አየቻት። ሰኞ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ እንደሆነ አንዳቸውም አልተናገሩም።

ገዲሴ ቀሪውን መንገድ ስትሄድ የበንቲን መልእክት ለአባቷ እንዴት እንደምታደርስ አወጣች አወረደች። መንገድ ላይ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ ማለት ይቻላል። ወይም አንዲት የክፍል ልጅ አባቷ ቀበሌ ስለሚሠራ ነገረችኝ። ሁለቱም ያስኬዳሉ። አባቷ አምኗት ለጋሽ ኦልጅራ መልእክት ይልካል፣ ስብሰባው ይዛወራል፣ ደብተሮቹ ከወንበሩ ሥር ይወጣሉ፣ እሷም ምንም እንዳልሆነ ትኖራለች። ዛሬ መዋሸት እንደምትችል አውቃለች፤ እንዲያውም ጎበዝ ነች። ያ ነው የከበዳት።

አባቷ ጓሮ ነበር። የጎረቤቷን በርጩማ ገመድ ፈትቶ በእጁ እየጫነ ጥንካሬውን ይሞክራል። ገዲሴ የደብተር ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ በቀኙ በኩል ዞረች።

«አባ፣ የተላከብህ መልእክት አለ። ዛሬውኑ ነው መስማት ያለብህ።»

«ከማን?»

«እሱን እነግርሃለሁ። ግን ከመሐል ብጀምርልህ ዋሽቼ ነው የምጨርሰው።»

እስጢፋኖስ በርጩማውን ትቶ ቀና አለ። ፊቷን አየና እጁን በሱሪው ላይ ጠርጎ ከእንጨቶቹ ክምር ላይ ተቀመጠ። ጎኑ ያለውን ቦታ በመዳፉ ጠረገላት።

«ከየት ነው የሚጀምረው?»

ገዲሴ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከአንድ ዘፈን» አለች።